ሰምቼዋለሁ

ምስጢር «ይሄን የሠራው አድማሴ ነው» ሲባል የሰማችው፣ ከሥራ ጠረጴዛዋ ሆና፣ በቺፑድ ግድግዳው በኩል ነው። ግድግዳው ለይምሰል የቆመ ነው፤ እንኳን ወሬ፣ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ያሰማል። የድርጅቱ ባለቤት አቶ አስናቀው ከአዲስ አበባ ለመጡ ሁለት እንግዶች የሚኮራበትን ሥራ፣ የጤና ጣቢያዎችን የካርድ ክፍል ሲስተም፣ እያሳያቸው ነበር። ድሮ አንዲት እናት ለሕክምና ስትመጣ አንዱ ጸሐፊ ስሟን በሐመሩ ሐ ጽፎት፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ሲፈልገው፣ ካርድሽ ጠፍቷል ተብላ እንደ አዲስ ትመዘገብ ነበር። ይህ ሲስተም ስሙ በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ ፈልጎ ያገኘዋል። ስምንት ወር የተለፋበት ሥራ ነው፤ የለፋችውም ምስጢር ናት። አድማሴ በዚያ ስምንት ወር የሠራው የመግቢያውን ገጽ ቀለም ነው፤ እሱንም ሁለት ጊዜ ቀይሮታል። «የእህቴ ልጅ ስለሆነ አይደለም» አለ አቶ አስናቀው፣ «ጭንቅላት ነው።» እንግዶቹ አደነቁ። አንደኛው ስንት ጊዜ እንደፈጀበት አድማሴን ጠየቀው። አድማሴ ምን ብሎ እንደመለሰ ግን አልተሰማም፤ ግድግዳው ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ያዘ። ቀጥሎ የተሰማው የአቶ አስናቀው ጥሪ ነው። «ምስጢር፣ ለእንግዶቹ ሻይ እዘዢልን እስቲ!»

አዘዘች። ደረጃውን ወርዳ ከታች ካለችው ሻይ ቤት አራት ሻይ አለች፤ አንዱ ሃያ አምስት ብር ገብቷል፣ ባለፈው ሳምንት ሃያ ነበር። ሻይ የምታፈላዋ ልጅ «አምስተኛውስ? ላንቺ አይደለም እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት፣ ምስጢርም ለእኔ አይደለም አለች። የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ባደገችበት ግቢ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» ብሎ ደረቱን የነፋ ሰው አላየችም፤ የተዋጣለት ቅኔ ያመጣ ተማሪ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚናገረው። እዚያ ሰው አንገቱን የሚደፋው ሌላው ቀና ብሎ ስለሚያይለት ነው። አቶ አስናቀው ግን በእንዲህ ያለ ግቢ አላደገም፤ አንገቱን የደፋ ሰው ሲያይ የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው። ደግሞም ዛሬ ለጠብ የሚሆን ጉልበት አልነበራትም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሥራ ቃለ መጠይቅ አለባት።

ኩባንያው ከፒያሳ ባጃጅ ነጂ እስከ ደብር አለቃ ሁሉም በስልኩ ይዞት የሚዞር ትልቅ የውጭ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ነው። አራት ዙር አልፋለች፤ የዛሬው አምስተኛውና የመጨረሻው ነው። ካለፈች ናይሮቢ ባለው ቢሮ መሐንዲስ ትሆናለች፤ በጻፈችው እያንዳንዱ መስመር አጠገብ የማንም የእህት ልጅ ሳይሆን የራሷ ስም ይሰፍራል። ከወደቀች ደግሞ ዓመት ሳይሞላ ማመልከት አይቻልም ተብሏል። ዓመት ማለት እዚህ ቺፑድ ሥር ሌላ ስምንት ወር፣ ሌላ ሲስተም፣ ሌላ አራት ሻይ ማለት ነው። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ቶሎ ይደክመኛል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ፈቃድ ጠየቀች። አቶ አስናቀው «ጉዳይሽ በዛ፤ በዚህ ወር ሦስተኛሽ ነው» አለና እጁን አወናጨፈ፤ ፈቃድ መስጠቱ ነበር። አድማሴ ደረጃው ላይ ደረሰባት። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«ምስጢር፣ እኔ እኮ አላልኩም። እሱ ነው ያለው።»

«እዚያው ነበርክ አይደል?»

«አጎቴ ነው። በሰው ፊት ላሳፍረው እንዴ?»

ለአጎት ማፈር ደግ ነገር ነው፤ ለእሷ የሚያፍርላት ሰው ግን በዚያ ደረጃ ላይ አልነበረም። «ቻው አድማሴ» ብላ ወረደች።

ፒያሳ ላይ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ሁሉ ይጮሃል። ቀድማ አንድ ሆቴል ውስጥ ጸጥ ያለ ክፍል ለሁለት ሰዓት ለመከራየት ጠይቃ ነበር፤ የሙሉ ቀን ካልከፈልሽ አሏት፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ ደግሞ ለሁለት ሰዓት ክፍል የምትጠይቅን ሴት በሚያይበት ዓይን አያት። ስለዚህ ያላት የአባቷ ቤት ብቻ ነው፤ ኢንተርኔቱ ከስልኳ ነው፣ የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ ዕድሜው ለሁለት ሰዓት አይሞላም። ባጃጅ ኮንትራት መቶ ሃምሳ ሲላት ሳትከራከር ገባች። መንገድ ላይ ፋሲካ ደወለችላት። ፋሲካ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ናት፤ ሁለት ዓመት ሆናት እዚያው የውጭ ኩባንያ ከገባች። በቀደም ከተፈታኞች የተለቃቀሙ አርባ ጥያቄዎች ልካላት፣ ምስጢር አርባውንም ሠርታ ደብተር ላይ ጽፋቸዋለች።

«ስሚኝ» አለች ፋሲካ፣ «ከአርባዎቹ አንዱ ከመጣ ቶሎ እንዳትመልሺ። ትንሽ ግንባርሽን ቋጥሪ፣ ‹እስቲ ላስብ› በይ፣ አንዴ ተሳሳቺና ራስሽን አርሚ። ሁሉም እንደዚህ ነው የገባው። እኔም እንደዚህ ነው የገባሁት።»

«እሺ» አለች ምስጢር። የምሯን ነበር።

ቤታቸው ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው፤ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ፊት ለፊቱ ወይራ። ወይራው ሥር አባቷ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ሠላሳ አንድ ዓመት ቅኔ አስተምረዋል። አሁን የቀሩት ስድስት ተማሪዎች ናቸው፤ ሁሉም ጢም ያበቀሉ። ስትገባ ዲያቆን ሐብተ ማርያም ቆሞ ቅኔውን ለመምህሩ ያሰማ ነበር። ከአዲ አርቃይ የመጣ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፤ አምስት ዓመት ተምሮ ዛሬም ከጉባኤ ቃና፣ ከባለ ሁለት መስመሩ የጀማሪ ቅኔ፣ አልተላቀቀም። ያሰማው ሸጋ ነበር፤ የሎጥ ሚስት የጨው ሐውልት ሆና ሜዳ ላይ ከምትቀር ማክሰኝት ገበያ ብትወጣ ኖሮ ነጋዴዎቹ ፈልጠው በኪሎ ይሸጧት ነበር የሚል። ምስጢር በሩ ላይ ቆመች፤ ታውቀዋለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ሳለ እዚሁ ወይራ ሥር አንድ ሌላ ተማሪ ብሎት፣ ግቢው በሳቅና በ«ይበል! ይበል!» ተናግቶ ነበር። አባቷም ያውቁታል። ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ሰምቼዋለሁ» አሉ።

በዚህ ግቢ ከዚህ የከበደ ቃል የለም። መሪጌታ ኪዳነ ማርያም አለንጋ አንስተው አያውቁም፤ የሰው ቅኔ የኔ ነው ብሎ ያሰማን ተማሪ «ሰምቼዋለሁ» ይሉታል፣ ያ ተማሪ እስከ መጪው እሑድ አፉን አይከፍትም። ተማሪው ራሱ ቀድሞ «የኔታ፣ ይህስ የሰው ነው» ካለ ግን ነውር የለበትም፤ እንዲያውም አቅርበው ያስቀምጡትና ሌላ ቁጠር፣ የራስህን አምጣ፣ ይሉታል። ምስጢር ይህን ሕግ ያወቀችው ፊደል ሳትቆጥር ነው። ሐብተ ማርያም የመምህሩን ጉልበት ስሞ፣ ጋቢውን ተከናንቦ አጥሩ ጥግ ሄዶ ተቀመጠ። «አምስት ዓመት ሙሉ ምንም አልመጣልኝም የኔታ» አለ ከዚያው ሆኖ። መሪጌታ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ስንት ሰዓት ነበር ያልሽኝ?»

«ዘጠኝ፤ እስከ አሥር አባባ። ድምፅ ካለ አይሰሙኝም።»

«ዝም እንላለን» አሉ። ለቀብር ካልሆነ በቀር ያ ጉባኤ ተቋርጦ አያውቅም። ምስጢር ሳታመሰግናቸው ወደ ውስጥ ገባች፤ በዚህ ቤት እናቷ ካረፈች ወዲህ ምስጋናም ወቀሳም በዝምታ ነው የሚነገረው። ምሳ ቀርቦ ነበር፤ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ቀምሰው ተነሡ። አባቷ ስለ ናይሮቢ አልጠየቁም፤ እሷም ማን ከጎንዎ ይሆናል ብላ አልጠየቀቻቸውም። ጥያቄው ግን ከሌማቱ አጠገብ አብሯቸው ተቀምጦ ነበር።

የእሷ ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ሣጥን፣ አንድ ጠረጴዛ ነው። ከጀርባዋ እንዳይታይ የተሰነጣጠቀውን ግድግዳ በነጭ ነጠላ ሸፍናለች፤ ስልኩን መስኮቱ ላይ ሚስማር መትታ አንጠልጥላዋለች፣ ኔትወርኩ ሙሉ የሚሆነው እዚያ ብቻ ነውና። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጠያቂው ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ፤ ጆሮው ላይ ትልቅ ማዳመጫ ያደረገ፣ ትሑት፣ ፈገግታው የማይከፋ ወጣት። ስሟን በትክክል ለመጥራት ሦስት ጊዜ ሞከረ። ከዚያ ጥያቄውን ለጠፈላት፦ የብዙ ስብሰባዎች የመጀመሪያና የመጨረሻ ሰዓት ተሰጥቷል፤ ሁሉንም ለማስተናገድ ቢያንስ ስንት ክፍል ይበቃል?

ከአርባዎቹ አሥራ ሰባተኛው ነው። በደብተሯ ሦስተኛ ገጽ ላይ፣ በሰማያዊ ቢክ። ልቧ በደስታ ደነገጠ፤ እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም አለች በሆዷ። እንደተመከረችው ግንባሯን ቋጠረች። «እስቲ ላስብ» አለች በእንግሊዝኛ። ጠያቂው «አይዞሽ፣ ጊዜ ውሰጂ» አላትና ዝም አለ።

ዝም ሲል የውጪውን ዝምታ ሰማች። ሠላሳ አንድ ዓመት ድምፅ ያልተለየው ወይራ ሥር ስድስት ትልልቅ ሰዎችና አንድ ሽማግሌ ስለ እሷ ብለው አፋቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል። አንዱ ሳል አፍኖ ሲታገል ይሰማል። ያ ሁሉ ሰው ዝም ያለው እሷ በዚህ ክፍል እንድታስብ ነው፤ እሷ ደግሞ እያሰበች አልነበረም፣ የምታስብ እየመሰለች ነው። ጠዋት በቺፑዱ በኩል የሰማችው የአድማሴ ዝምታም ትዝ አላት፤ እሱም ደህና ልጅ ነው፣ እሱም ለአንዲት ደቂቃ ብቻ ነው ዝም ያለው። መጻፍ ጀመረች፤ ሁለት መስመር ጻፈች፣ ሆን ብላ ልትሳሳት ያሰበችበት ቦታ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። «ይህን ሰምቼዋለሁ» አለች። በእንግሊዝኛ ነበር ያለችው፤ ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ፣ መልሱን ቀድሜ ሠርቼዋለሁ ብላ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጠያቂው ለአፍታ ደነቀው፣ ከዚያ ስለ ሐቀኝነትሽ አመሰግናለሁ አላትና ሌላ ለጠፈ።

ሁለተኛው እንዲህ ነበር፦ ከተሞች አሉ፣ የሚያገናኟቸው መንገዶች አሉ፣ ቤንዚን በየከተማው ዋጋው ይለያያል፤ የመኪናው ነዳጅ ማጠራቀሚያ የሚይዘው የተወሰነ ነው። በትንሹ ወጪ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት ይደረሳል? ምስጢር «ቤንዚን የሌለበት ከተማ ካለስ?» ብላ ጠየቀች። ጠያቂው ሳቀ፤ በክፋት አይደለም። «ሁሉም ከተማ ቤንዚን አለው ብለሽ ውሰጂ» አላት። እንዲህ ያለ አገር ለማሰብ ትንሽ ጊዜ ፈጀባት። ከዚያ ሠራች፤ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ያለ ማስመሰል አሰበች፣ ላበች፣ ሠረዘች። ከተማውን ብቻ ስትቆጥር ቆይታ፣ ማጠራቀሚያው ውስጥ የቀረውን ቤንዚን አብራ መቁጠር እንዳለባት የገባት ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው ነው። መንገዱ ታየት፤ ለመጻፍ ግን አልደረሰችም። ጠያቂው አመስግኖ ጠፋ። ባትሪው አሥራ አንድ በመቶ ቀርቶት ነበር።

አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ጫማዋን አላወለቀችም። ውድቀት ሲመጣ ኮቴው ይታወቃል፤ ቢሆንም ሰው ሞኝ ነው፣ ስልኳን በየደቂቃው ታየው ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኢሜሉ መጣ። አምስት መስመር ነው፤ ጊዜሽን ስለሰጠሽን እናመሰግናለን፣ በዚህ ጊዜ ልንቀጥል አልቻልንም፣ ከዓመት በኋላ ብታመለክቺ ደስ ይለናል። ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ስህተት ያለበት ይመስል። ከዚያ መብራቱ መቼ እንደሚመጣ የሰማ ካለ ልትጠይቅ በሩን ከፍታ ወጣች።

ስድስቱም እንደተቀመጡ ነበሩ። መጨረሷን የነገራቸው የለም፤ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ቃል ሳይተነፍሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩዋት፣ የመርዶ ቤት በር የተከፈተ ይመስል። ምስጢር አፈረች፤ ከውድቀቷ ይልቅ ይህ አሳፈራት። አባቷ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ቤቱ ጥግ ይዘዋት ሄዱ።

«እህ?»

«አልሆነም አባባ።»

«ጥያቄው ከበደሽ?»

«የመጀመሪያው የማውቀው ነበር። መልሱን ቀድሜ ሠርቼው ነበር።»

«እና?»

«ነገርኋቸው። ሰምቼዋለሁ አልኋቸው። ሌላ ሰጡኝ፣ እሱ ከበደኝ።»

ምስጢር ጠበቀች። ቀኑን ሙሉ ከሰው ያልጠበቀችውን ነገር ከእሳቸው ጠበቀች፤ አቅርበው እንዲያስቀምጧት፣ ሌላ ቁጠሪ እንዲሏት። ሌላው ዓለም ቢጥላትም ይህ ግቢ ይህችን አንዲት ነገር ያውቅላታል ብላ ነበር። አባቷ የመቋሚያቸውን ጫፍ መሬቱ ላይ ሲያዞሩ ቆይተው ቀና አሉ፤ ዓይናቸው ደክሞ ነበር።

«ምነው ዝም ብትዪ ኖሮ?» አሉ።

የሰማችው ነገር ወደ ጆሮዋ እንጂ ወደ ልቧ አልገባ አለ። «እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ?»

«ቅኔ ነዋ ያስተማርሁ! ያ ቅኔ አይደለም ልጄ፣ እንጀራ ነው። ማታ ማታ ስትገቢ ፊትሽን አያለሁ እኮ። ያ አሠሪሽ ምን እንደሚያደርግሽ ባትነግሪኝም ፊትሽን አያለሁ። ከዚያ ትወጣለች ብዬ ነበር…» ስለ ራሳቸው ብቻቸውን መቅረት አንድም ቃል አላነሡም፤ ያን በልባቸው ጨርሰውት ኖሯል። «የወለደ አልጸደቀም ይባል የለ» አሉ በመጨረሻ፣ ጥፋቱን የሠሩት እሳቸው ይመስል፤ ፊታቸውን አዙረው ወደ ወይራው ተመለሱ።

ምስጢር ክፍሏ ገብታ ሻማ ሳታበራ ተቀመጠች። አባቷን ልትቆጣቸው ፈለገች፤ አልቻለችም። ልጅ ሆና የምታውቃቸው መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ዛሬ ተሸንፈዋል፤ ያሸነፋቸውም የእሷ ፊት ነው። በየማታው ከአቶ አስናቀው ቢሮ ይዛው የምትገባው ፊት።

ውጪ ጉባኤው ቀጠለ። አንዱ ሦስት መስመር አሰማ፤ አባቷ አረሙት። ሌላው ቀጠለ፤ እሱም ታረመ። ከዚያ ሁሉም ማሰማቱን ጨርሶ ጸሎት መደረግ ሲገባው አባቷ ተራ የሌለውን ሰው ጠሩ።

«ሐብተ ማርያም።»

«አቤት የኔታ» አለ፣ ከአጥሩ ጥግ።

«ተነሥ። አሰማ።»

«እስከ እሑድ… ምንም የለኝም የኔታ።»

«የቀኑን ድገመው።»

ግቢው ጸጥ አለ፤ ለእሷ ሲሉ ዝም ካሉት ዝምታ የተለየ ነበር። ሐብተ ማርያም ተነሥቶ ሲቆም ጋቢው ከአጥሩ ጋር ሲተሻሽ ተሰማ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቃል እየረሳ፣ የሎጥን ሚስት ማክሰኝት ገበያ አወጣት። ምስጢር ቀድማው ቃሉን በሆዷ ትለው ነበር። ሲጨርስ ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አቀናች። «ሰምቼዋለሁ» ይሉታል አለች፤ አሁን ይሉታል።

«ይበል» አሉ መሪጌታ።

መምህሩ ይበል ካሉ ተማሪዎቹ ተቀብለው ማስተጋባት ወጉ ነው። ማንም አልተቀበለም፤ ቅኔው የሰው መሆኑን ቀን ሁሉም ሰምቷል። ሐብተ ማርያምም ጉልበታቸውን ለመሳም አልመጣም፤ ቆሞ ቀረ። ምስጢር ለሻዩ አላለቀሰችም ነበር፣ ለኢሜሉም አላለቀሰችም። አሁን አለቀሰች፤ ለእሷ ዝም ብትዪ ያሉት አባቷ ሌላውን መውቀስ አልቻሉም። ስድስቱ አንድ በአንድ ደህና እደሩ እያሉ ሲወጡ አባቷ በሩ ላይ ቆሙ፤ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ወደ እሷ ሳያዩ፣ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ቆዩ።

«ነገ ሥራ ትገቢያለሽ?» አሉ።

«እገባለሁ።»

«ይሻላል።» መቋሚያቸውን መልሰው አነሡ። «የሐብተ ማርያምን… ሰማሽው?»

ዕንባዋን በእጇ ጠረገች።

«ሰምቼዋለሁ አባባ» አለች።